የአለት ንጣፎች በሁለት ምስክር፦ ትሪሎባይትና ካርቦን የካምብሪያን ዘመን አለቶችን እንዴት ያዛምዳሉ?

መግቢያ

ድንጋይ ይዘው ወደ ሥነ ምድር ባለሙያ የሚቀርቡ ዜጎች አስቀድመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ስንት ዘመኑ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ምላሹ ብዙ ጊዜ ጠያቂውን አያረካም። ከየትኛው ንጣፍ እንደተነሣ፣ ከበላዩና ከበታቹ ምን እንደነበረ የማይታወቅ ድንጋይ፣ መልኩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ስለ ዘመኑ የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህም የባለሙያው ቸልተኝነት ወይም የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን የአለት ዕድሜ የሚታወቅበት መንገድ ራሱ የሚያስከትለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መንገድ በአንድ በሚገባ በተጠና ምሳሌ ማስረዳት ነው። ምሳሌውም የካምብሪያን ዘመን አለቶች ናቸው። እነዚህን አለቶች ከአህጉር አህጉር ለማዛመድ ሁለት ማስረጃዎች በጋራ ያገለግላሉ፤ አንደኛው ትሪሎባይት የተባለው የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል፣ ሁለተኛው በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው የካርቦን አይሶቶፕ መጠን ነው። በመጨረሻም ዘዴው ከአገራችን አለቶች ጋር ያለው ግንኙነትና ናሙና ለሚያቀርቡ ተገልጋዮች የሚጠቅሙ ነጥቦች ቀርበዋል።

1. ንጣፍን ከንጣፍ ማዛመድ ማለት ምን ማለት ነው?

አሸዋ፣ ጭቃና የኖራ ደለል በውኃ ውስጥ በየጊዜው እየተነጠፉ፣ ከዚያም እየጠነከሩ የአለት ንጣፍ ይሆናሉ። የዴንማርክ ተወላጁ ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 እንዳስረዳው፣ ያልተገለበጠ የንጣፍ ድርድር እስከሆነ ድረስ ከታች ያለው ቀድሞ የተነጠፈ፣ ከላይ ያለው ዘግይቶ የመጣ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በአንድ ገደል ላይ የሚታዩ ንጣፎችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አያስቸግርም።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ገደሎችን ማነጻጸር ሲያስፈልግ ነው። በአንድ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ ያሉ ንጣፎችን በዓይን እየተከተሉ ማገናኘት ይቻል ይሆናል፤ በመካከላቸው ውቅያኖስ ሲኖር ግን የዓይን ምስክርነት ያበቃል። የአለቱ ቀለምና ዓይነትም አስተማማኝ አይደለም። ዛሬ በቀይ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ሲከማች፣ በዚያው ዕለት በጥልቁ ክፍል ጭቃ ይከማቻል። ሁለቱ ወደፊት አለት ሲሆኑ መልካቸው ይለያያል፤ ዕድሜያቸው ግን አንድ ነው። በተቃራኒው ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት የአሸዋ ድንጋዮች በመቶ ሚሊዮን ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ።

ስለዚህ ማዛመድ ማለት በተራራቁ ቦታዎች የሚገኙ ንጣፎች በአንድ ጊዜ የተነጠፉ መሆናቸውን በማስረጃ ማረጋገጥ ነው። ለዚህ መሠረት ከጣሉት አንዱ እንግሊዛዊው ቀያሽ ዊልያም ስሚዝ ነው። ስሚዝ ለመጓጓዣ ቦዮች መሬት ሲቀይስ፣ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ የሆኑ ቅሪተ አካላት እንዳሉትና ቅደም ተከተላቸውም በየቦታው እንደማይፋለስ ተገነዘበ። በዚህ ግንዛቤ ተመርቶ የእንግሊዝን፣ የዌልስንና የስኮትላንድን ከፊል የሥነ ምድር ካርታ እ.ኤ.አ. በ1815 አሳተመ።

2. የካምብሪያን ዘመን

ካምብሪያን ከዛሬ 539 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከ487 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያበቃ ዘመን ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1835 ያወጣለት እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ አዳም ሴጅዊክ ሲሆን፣ ቃሉ ዌልስ በላቲን ከምትጠራበት «ካምብሪያ» ከሚለው ስም የተወሰደ ነው። በዚህ ዘመን የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የእንስሳት ታላላቅ ወገኖች በቅሪተ አካል መዝገብ ውስጥ መታየት ጀምረዋል። የየብስ አቀማመጥ ከዛሬው ፈጽሞ የተለየ ስለነበረ፣ ያኔ ጎረቤት የነበሩ የባሕር ዳርቻዎች ዛሬ በተለያዩ አህጉራት ላይ ይገኛሉ። የማዛመድ ሥራ አስቸጋሪም አስፈላጊም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

3. የመጀመሪያው ምስክር፦ ትሪሎባይት

ትሪሎባይት ሰውነቱ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ፣ እግሮቹ የተገጣጠሙ የባሕር እንስሳ ነበር። ጀርባው ከራስ እስከ ጅራት በሚወርዱ ሁለት ቦዮች በሦስት ዘርፍ የተከፈለ በመሆኑ «ሦስት ዘርፍ ያለው» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶታል። ከ20,000 በላይ ዝርያዎቹ ተገልጸዋል። ከ521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአለቶች ውስጥ መታየት የጀመረ ሲሆን፣ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈጽሞ ጠፍቷል።

ትሪሎባይት ለማዛመድ ተመራጭ የሆነው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ቅርፊቱ በካልሳይት ማዕድን የጠነከረ ስለነበረ በደለል ውስጥ ተጠብቆ የመቆየት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሁለተኛ፣ እንስሳው ባደገ ቁጥር ቅርፊቱን ይጥል ስለነበረ አንድ ትሪሎባይት በሕይወት ዘመኑ ብዙ ቅሪት ይተዋል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ዝርያዎቹ በጂኦሎጂ መለኪያ ሲታዩ ፈጥነው ይለዋወጡ ነበር። አንድ ዝርያ ታይቶ የሚጠፋበት ጊዜ ባጠረ መጠን የተገኘበትን ንጣፍ ዘመን ጠበብ አድርጎ ያመለክታል።

ከእነዚህ መካከል አግኖስቲድ የሚባሉት ልዩ ጠቀሜታ አላቸው። አብዛኞቹ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ከትሪሎባይቶች ለይተው ቢመድቧቸውም በማዛመድ ሥራ ከእነርሱ ጋር አብረው ያገለግላሉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከክፍት ባሕር ጋር በተያያዙ ውኃዎች በሰፊው ተሰራጭተው ይኖሩ ስለነበረ፣ አንዱ ዝርያ በእስያ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራሊያና በሰሜን አሜሪካ አለቶች ሊገኝ ይችላል።

ሆኖም የትሪሎባይት ምስክርነት ወሰን አለው። በጥልቀት ባልራቁ የዳርቻ ውኃዎች ይኖሩ የነበሩት አብዛኞቹ ዝርያዎች ከአካባቢያቸው አይወጡም ነበር፤ ኦሌኔለስ የተባለው ወገን በጥንታዊው የሰሜን አሜሪካ ዳርቻ፣ ሬድሊኪያ የተባለው ደግሞ በቻይናና በአውስትራሊያ ይታወቃል። አንዱን ይዞ ሌላውን ማዛመድ አይቻልም። በተጨማሪም አንድ ዝርያ በአንድ ቦታ ቀድሞ ታይቶ ወደ ሌላው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። የካምብሪያን የመጀመሪያዎቹ 18 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ አለቶች ደግሞ ትሪሎባይት ጨርሶ የላቸውም።

4. ሁለተኛው ምስክር፦ ካርቦን

ካርቦን በተፈጥሮ ሁለት የማይፈርሱ አይሶቶፖች አሉት። ከመቶ የካርቦን አተሞች ወደ 99 የሚሆኑት ካርቦን 12፣ አንዱ ገደማ ደግሞ አንድ ኒውትሮን በመጨመሩ ከበድ ያለው ካርቦን 13 ነው። ይህ ለአርኪዮሎጂ ዕድሜ መለኪያ ከሚውለው ካርቦን 14 ጋር መምታታት የለበትም። ካርቦን 14 እየፈረሰ የሚያልቅ በመሆኑ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ ለሆነ ነገር አያገለግልም፤ ለካምብሪያን አለት ፈጽሞ አይውልም።

የሁለቱ የማይፈርሱ አይሶቶፖች ምጥጥን በባሕር ውኃ ውስጥ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። ምክንያቱም በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ሕያዋን ቀለል ያለውን ካርቦን 12 አብልጠው ይወስዳሉ። ሞተው በባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ ሲቀበሩ ቀላሉ ካርቦን አብሯቸው ይቀበራል፤ በውኃው ውስጥ የቀረው በአንጻሩ በካርቦን 13 ይበለጽጋል። ከዚያ ውኃ የሚፈጠረው የኖራ ድንጋይ ይህንኑ ምጥጥን ይዞ ይጠነክራል። የሚቀበረው ቅሪት ሲበዛ የካርቦን 13 መጠን ይጨምራል፤ ሲቀንስ ወይም የተቀበረው ተመልሶ ሲጋለጥ ይወርዳል።

የባሕር ውኃ በሺህ ዓመታት ቆይታ ውስጥ ከውቅያኖስ ውቅያኖስ ይቀላቀላል። ይህም ከአለት ዕድሜ አንጻር እንደ ቅጽበት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ከፍተኛ የካርቦን ለውጥ ሲከሰት በተራራቁ ባሕሮች በአንድ ጊዜ ይመዘገባል ተብሎ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ካርቦን ትሪሎባይት የሌለው ብልጫ አለው፤ ዝርያ የማይሻገረውን ወሰን ኬሚካላዊው ምልክት ይሻገራል።

ልኬቱ የሚከናወነው ከኖራ ድንጋዩ በጥቂቱ የተፈጨ ዱቄት ተወስዶ በፎስፎሪክ አሲድ ሲታከም ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ጋዙ ማስ ስፔክትሮሜትር በተባለው መሣሪያ ይለካና ውጤቱ ከዓለም አቀፍ ማነጻጸሪያ ጋር ተስተያይቶ ከሺህ ስንት እጅ እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ይገለጻል። በአንድ ገደል ከታች ወደ ላይ በተከታታይ የተወሰዱ ናሙናዎች ውጤት በግራፍ ሲሰፍር የሚወጣና የሚወርድ መስመር ይሠራል።

የካርቦንም ምስክርነት ግን ወሰን አለው። መስመሩ ስም የለውም፤ አንዱ ከፍታ ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰል የትኛው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ብቻውን አይናገርም። ከዚህም ሌላ አለቱ ከተፈጠረ በኋላ በውስጡ የሚያልፍ ውኃ ወይም ሙቀት የመጀመሪያውን ምጥጥን ሊለውጠው ይችላል። ከንጣፎቹ መካከል በአፈር መሸርሸር የጠፋ ክፍል ካለም መስመሩ ይቆረጣል።

5. ሁለቱ ምስክሮች ሲስማሙ፦ የፓይቢ ምሳሌ

በችሎት እርስ በርሳቸው ያልተነጋገሩ ሁለት ምስክሮች ተመሳሳይ ቃል ሲሰጡ ነገሩ ክብደት ያገኛል። ትሪሎባይትና ካርቦንም የየራሳቸው መንገድ ያላቸው ምስክሮች ናቸው፤ የአንዱ ስሕተት ሌላውን አያሳስትም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በቻይና ሁናን ግዛት ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የፓይቢ ገደል ነው። የዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንስ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 በዚህ ቦታ የካምብሪያን የመጨረሻ ክፍል የሆነው የፉሮንጂያን መጀመሪያ ወሰን እንዲሆን አጽድቋል። ወሰኑ የተቀመጠው ሁዋቻው ከተባለው የአለት ምድብ ግርጌ 369.06 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ግሊፕታግኖስተስ ሬቲኩላተስ የተባለው አግኖስቲድ መጀመሪያ በሚታይበት ንጣፍ ላይ ነው። ዕድሜው 497 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ተገምቷል። በእርሻ መካከል እንደሚተከል የወሰን ድንጋይ፣ ይህ ነጥብ የዓለም ባለሙያዎች ሁሉ ወሰኑን የሚያመሳክሩበት ነው።

የካርቦኑ ምስክርነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዝርያ ብቅ ባለበት ንጣፍ አቅራቢያ የካርቦን 13 መጠን መውጣት ይጀምራል፤ ወደ ላይ ሲኬድ ከማነጻጸሪያው በሺህ ከ4 እስከ 5 እጅ ያህል ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ለውጡ በጥቅሉ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት እንደፈጀ ይገመታል፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ስፓይስ» ተብሎ ይታወቃል። ይኸው ከፍታ በቻይና ብቻ ሳይሆን በካዛክስታን፣ በአውስትራሊያና በምዕራብ አሜሪካ ንጣፎች ተለክቶ ተገኝቷል። በደቡብ ስዊድን አንድራሩም በሚባለው ቦታ አለቱ በአብዛኛው ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ስለሆነ፣ ልኬቱ በውስጡ ከተቀበረው የሕያዋን ቅሪት ካርቦን ተወስዶ ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል።

የሁለቱ መስማማት ሥራውን እንዴት እንደሚያግዝ እንመልከት። በሰሜን አሜሪካ ጥልቀት በሌለው ባሕር የተነጠፉ ብዙ የኖራ ድንጋዮች ግሊፕታግኖስተስ የላቸውም፤ እንስሳው በዚያ ውኃ አልኖረምና። ስለዚህ በትሪሎባይት ብቻ ከፓይቢ ጋር ማዛመድ ይከብዳል። የካርቦን መስመሩ ግን ሽቅብ መውጣት የሚጀምርበትን ቦታ ያሳያል። መስመሩ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ደግሞ በዚያው አለት ያሉ የአካባቢው ትሪሎባይቶች ያረጋግጣሉ። ካርቦኑ ጊዜውን፣ ትሪሎባይቱ ስሙን ይሰጣል። ሁለቱ በመገናኘታቸው ሌላ ጠቃሚ ጉዳይ ታውቋል፤ በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ብዙ የትሪሎባይት ወገኖች የጠፉበት ወቅት ከዚህ የካርቦን ለውጥ መጀመሪያ ጋር የተቀራረበ ነው።

የካርቦኑ ከፍታ መጠንና ቅርጽ ከቦታ ቦታ በመጠኑ እንደሚለያይ መታወቅ አለበት። ባለሙያ አንድን ቁጥር ብቻ ይዞ የማይወስነው፣ የመስመሩን አጠቃላይ ሂደት ከቅሪተ አካሉ ቅደም ተከተል ጋር አስተያይቶ የሚወስነው ለዚህ ነው።

6. ይህ ሥራ ምን ይጠቅማል?

ማዛመድ ለዕውቀት ብቻ የሚሠራ አይደለም። ማዕድን ብዙ ጊዜ የተወሰነን ንጣፍ ተከትሎ ስለሚገኝ፣ ንጣፉን በሌላ ቦታ መለየት ማለት የት መፈለግ እንደሚገባ ማወቅ ነው። ያለ ማስረጃ የተዛመደ ንጣፍ ደግሞ ቁፋሮን ወደማይገባ ቦታ ይመራል፤ ወጪውም የባለፈቃዱ ነው።

በዮርዳኖስ የሚገኘው የፋይናን እና በእስራኤል የሚገኘው የቲምና አካባቢ ለዚህ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ መዳብ የወጣባቸው ሲሆኑ፣ መዳብ ያዘሉ የካምብሪያን ንጣፎች አሏቸው፤ በቲምና ንጣፎች ውስጥ ትሪሎባይትም ተገኝቷል። ዛሬ በሸለቆው ወዲህና ወዲያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የሚታዩት፣ በሙት ባሕር በኩል የሚያልፈው ታላቅ ስንጥቅ ምሥራቁን ወገን ወደ ሰሜን ስለገፋው ነው። የንጣፎቹ መዛመድ የመሬቱን እንቅስቃሴ መጠን ለመገመት ካስቻሉ ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ይህ እንቅስቃሴ የዓረቢያ ምድር ከአፍሪካ የሚለይበት፣ ቀይ ባሕርን የከፈተውና ለአፋር ዝቅተኛ ምድር መፈጠርም ድርሻ ያለው ሂደት አካል ነው።

7. ዘዴው ከአገራችን አለቶች ጋር ያለው ግንኙነት

በትግራይ የሚገኘው ተምቤን የተባለው የአለት ምድብ ከካምብሪያን የሚበልጥ ዕድሜ ያለው፣ ትሪሎባይት ከመታየቱ እጅግ በፊት የተነጠፈ የኖራ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ድርድር ነው። በዚህ አለት ውስጥ የመጀመሪያው ምስክር ሊኖር አይችልም። ስለሆነም ተመራማሪዎች የካርቦን አይሶቶፕን መስመር ከሌላ ምስክር ጋር አጣምረዋል፤ ይህም በንጣፎቹ መካከል በሚገኝ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው ዚርኮን የተባለው ማዕድን ነው። በዚርኮን ውስጥ ያለው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ የንጣፉ ዕድሜ በዓመት ሊሰላ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት በዚህ መንገድ የተምቤን ምድብ የካርቦን ለውጥ በሌሎች አህጉራት ከተመዘገበው ጋር በአንድ ጊዜ የተከሰተ መሆኑን የሚደግፍ ማስረጃ ቀርቧል። ከምድቡ በላይኛው ክፍል በነጋሽ አካባቢ የሚታየው የበረዶ ግግር ደለል፣ ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድርን በሰፊው ከሸፈነው የበረዶ ዘመን ጋር ይያያዛል። ካርቦን በፓይቢ ከትሪሎባይት፣ በተምቤን ከዚርኮን ጋር ቢጣመርም፣ መርሑ አንድ ነው፦ አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም።

8. ናሙና ለሚያቀርቡ ተገልጋዮች ጠቃሚ ነጥቦች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት፣ ደለላዊ አለትን የተመለከተ ጥያቄ የሚያቀርቡ ተገልጋዮች የሚከተሉትን ቢያሟሉ ባለሙያው የተሻለ ምላሽ ለመስጠት ይችላል።

ሀ) ናሙናው የተወሰደበትን ቦታ፣ ከተቻለም የጂፒኤስ ንባቡን በጽሑፍ መያዝ፤

ለ) በወንዝ ወይም በመንገድ ላይ ከተገኘ የተንከባለለ ድንጋይ ይልቅ ከተፈጠረበት ንጣፍ ያልተነቀለውን መምረጥ፤

ሐ) ከአንድ ገደል ብዙ ናሙና ሲወሰድ ከታች ወደ ላይ በቁጥር መለየት፣ በመካከላቸው ያለውን ቁመት በሜትር መመዝገብና የድንጋዩን የላይኛውን ፊት በቀስት ማመልከት፤

መ) በፀሐይና በዝናብ የተበላውን የውጭ ቅርፊትና ነጫጭ የካልሳይት ሥሮችን ትቶ ጤናማውን የውስጥ ክፍል መውሰድ፣ እያንዳንዱንም ናሙና በተለየ ከረጢት ማስቀመጥ፤

ሠ) ቅሪተ አካል የሚመስል ነገር ሲታይ በመዶሻ ለማውጣት አለመሞከር፣ መጠኑን የሚያሳይ ሳንቲም ወይም እስክርቢቶ አጠገቡ አድርጎ ፎቶግራፍ ማንሣትና በአቅራቢያ ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ። በማዕድን ፍለጋ፣ በግንባታ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ድንገት ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ የማሳወቅና ባለበት ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ እንዳለበት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል።

ማጠቃለያ

በፓይቢ ገደል ላይ ያለችው ትንሽ ቅርፊት ዓለም አቀፍ ወሰን ለመሆን የበቃችው በራሷ አይደለም። የተገኘችበት ንጣፍ ተለክቶ፣ በላይና በታች ያሉት ተመዝግበው፣ በዚያው ያለው ካርቦን ቃሏን ስላጸናላት ነው። ያቺው ቅርፊት ከቦታዋ ተነቅላ በኪስ ብትወሰድ ኖሮ ዛሬ አንዲት የድንጋይ ቁራጭ ብቻ በሆነች ነበር። ድንጋይን ከንጣፉ ጋር ማቆየት የምስክሩን ቃል መጠበቅ መሆኑን ተገንዝበን፣ ናሙና ከመነሣቱ አስቀድሞ ቦታውና ቅደም ተከተሉ እንዲመዘገብ ለተገልጋዮቻችን በአክብሮት እናሳስባለን።